በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖረውን ትንሽ ፍጥረት በትክክለኛ ስሙ ስለ መጥራት



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ስለ ምን እንደምናገር የጠየቁኝ ጓደኞቼ መልሴን ሰምተው ሳቁ። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ እናገራለሁ ብለው ጠብቀው ኖሯል። ስለ እነዚህ ነገሮች ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች ተናግረዋል። እኔ የመረጥሁት ግን ጠበቃ የሌለውን ፍጥረት ነው፤ ይኸውም በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ኖራ ጠብታ ተለጥፎ የሚኖር፣ አበባም ቅጠልም ሥርም የሌለው፣ ብዙ ሰው ሕይወት ያለው መሆኑን እንኳ የማያውቀው ነገር ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ስለ ታላቁ ዝግባ ብቻ ሳይሆን በግንብ ላይ ስለምትበቅለው ትንሽ ቅጠልም ይናገር ነበርና፣ ርእሱ አነሰ ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ እለምናለሁ። ዓመተ ምሕረት በምጠቅስበት ጊዜ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በግቢያችን ካሉት አሮጌ ዛፎች ወደ አንዱ ብትጠጉ፣ በላዩ ላይ ሦስት ዓይነት እንግዶች ታያላችሁ። አንዱ እንደ ሽማግሌ ጺም ከቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው የተጨማደደ ቅጠል ይመስላል፤ ጠርዙን በጥፍር ይዘው ቢያነሡት ይላቀቃል። ሦስተኛው ግን ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆኖ እንደ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቅርፊቱን ራሱን ካልቈረጡ በቀር አይነሣም። በአገራችን ሰው እነዚህን ሁሉ በጅምላ የዛፍ ሽበት ይላቸዋል፤ በድንጋይ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የድንጋይ ሽበት ይባላሉ። ሊቃውንት ላይከን ይሏቸዋል። የዛሬው ነገሬ ስለ ሦስተኛው፣ ማለት ስለ ልጥፉ ነው።

ላይከን አንድ ፍጥረት አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚሠሩት ቤት ነው። ፈንገስ እንጉዳይና ሻጋታ የሚቈጠሩበት ወገን ሲሆን፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም። አልጌ በረጋ ውኃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ነው፤ እርሱ ምግቡን ከብርሃን ይሠራል። በአንዳንዱ ላይከን ውስጥ በአልጌው ፈንታ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ባክቴሪያ ይገኛል። ፈንገሱ በቀጫጭን ክሮቹ አልጌውን አቅፎ መጠለያ ይሆነዋል፤ አልጌው ደግሞ ከሠራው ምግብ ያካፍለዋል። ለላይከን የሚሰጠው ስም በሕጉ መሠረት የፈንገሱ ስም ነው። እንዲህ ሆነው የሚኖሩ ዝርያዎች በዓለም ላይ ወደ 20,000 ይጠጋሉ።

ይህን ድርብ ኑሮ በ1867 ዓ.ም. የገለጠው የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሲሞን ሽቬንደነር ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙዎች የላይከን ሊቃውንት ግን ሐሳቡን በቍጣ ተቃወሙት። ከተቃወሙትም አንዱ በፓሪስ ይኖር የነበረው ታላቁ ፊንላንዳዊ ዊሊያም ኒላንደር ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ እንደ አንድ ፍጥረት ያጠናው ነገር ሁለት ነው ሲባል ሊቀበል አልቻለም። ቢሆንም ኒላንደርን ንቀን የምናልፈው ሰው አይደለም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ እርሱ እንመለሳለን። በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ለእንዲህ ያለው አብሮ መኖር ሲምቢዮቲስመስ የሚል ስም አወጣለት። ዛሬ በባዮሎጂ መጽሐፋችን ውስጥ ሲምባዮሲስ እያልን የምንሸመድደው ቃል ዘመዱ ነው። ፍራንክ ያን ጊዜ ያጠና የነበረው ግዙፍ ዛፍ ወይም እንስሳ ሳይሆን፣ እነዚህኑ ልጥፍ ላይከኖች መሆኑን ማወቅ ደስ ያሰኛል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበረ። አልጌ ካለው ላይከን ነው፤ ከሌለው ተራ ፈንገስ ነው ብለን እናልፍ ነበር። የዛፍ ቅርፊት ግን እንዲህ ያለውን ቀላል ፍርድ አይቀበልም። አርቶፒሬኒያ፣ ሌፕቶራፊስና ስቴኖሳይቤ የሚባሉ ወገኖች አሉ። በለስላሳ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹም በዙሪያቸው ቅርፊቱን ስለሚያደበዝዙት ላይከን ናቸው ያሰኛሉ። ገልጠው ቢመረምሯቸው ግን ብዙዎቹ አልጌ የላቸውም። መልካቸው ቤተ ዘመድ ስለሚያስመስላቸው የላይከን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ በመጽሐፎቻቸው ውስጥ ሲያካትቷቸው ኖረዋል፤ በእንግሊዝ አገር የላይከን መዝገብ ውስጥ ዛሬም ይገኛሉ። የፈንገስ ሊቃውንት በበኩላቸው የላይከን ሰዎች ይመልከቷቸው ብለው ብዙ ጊዜ ትተዋቸዋል። በሁለት ርስት ድንበር ላይ የበቀለ ዛፍ ባለቤት እንደሚያጣ፣ እነዚህም እንዲሁ አጥኚ አጡ።

እንግዲህ አንድ ሰው በዛፍ ላይ የማያውቀውን ልጥፍ ነገር ቢያገኝ ስሙን እንዴት ያውቃል? አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላሉ። የማጣራቱም ሥራ የሚጀምረው ከልጥፉ ሳይሆን ከዛፉ ነው። ዛፉ ምንድር ነው? ቅርፊቱ ለስላሳ ነው ወይስ የተሰነጣጠቀ? ሕያው ቅርፊት ነው ወይስ ቅርፊቱ የወለቀ ደረቅ እንጨት? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እባካችሁ አትርሱት፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር በእርሱ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ለምሳሌ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል፣ በዝግታ ለሚያድግ ልጥፍ ፍጥረት የማይመች ቤት ነው፤ ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ ግድግዳው ይወድቅበታል።

ቀጥሎ 10 ጊዜ የሚያጐላ አጉሊ መነጽር ይዞ፣ በጥፍር ወይም በሴንጢ ጫፍ ልጥፉን ጥቂት መፋቅ ነው። ከሥሩ አረንጓዴ ከወጣ አልጌ አለ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚወጣው ብርቱካንማ ነው። ይህም ትሬንቴፖሊያ የሚባል አልጌ መሆኑን ያመለክታል፤ በወገኑ ከአረንጓዴ አልጌዎች ሲሆን፣ በውስጡ ባለው በካሮት ውስጥ ባለው ዓይነት ቀለም ምክንያት ብርቱካንማ ይመስላል። ነጭ ወይም ቡናማ ብቻ ከሆነ ግን አልጌ የሌለው ሳይሆን አይቀርም ብሎ መጠርጠር ነው። መጠርጠር አልሁ እንጂ መፍረድ አላልሁም። በእርጥብ ቅርፊት ላይ በራሱ የሚኖር፣ ከማንም ጋር ያልተጋባ አልጌ ሞልቷልና፤ የፋቅነው እርሱን ሊሆን ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ሥር የፈንገሱ ክሮች የአልጌውን ሴሎች አቅፈው ሲታዩ ነው። አብሮ የቆመ ሁሉ ባልና ሚስት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፍሬው ይመረመራል። ፍሬ የምለው ፈንገሱ የዘር ብናኙን፣ ማለት ስፖሩን የሚያወጣበትን ክፍል ነው። በአንዱ እንደ ጽዋ የተከፈተ ነው፤ በሌላው አፉ እንደ ጠበበ እንስራ ነው፤ በሌላው ደግሞ በቀለም እንደ ተጫረ መስመር ሆኖ ጽሑፍ ይመስላል። ፍሬው በምላጭ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይቈረጥና በውኃ ጠብታ ውስጥ ይመረመራል። ለዚህ ሥራ አዲስ ምላጭና የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። በእኛ ክፍል ከሁላችንም ስስ አድርጋ የምትቈርጠው ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ያደገች ጓደኛችን ናት፤ ወንዶቹ አፍረናል።

በማይክሮስኮፑ ውስጥ ረዘም ያሉ ከረጢቶች ይታያሉ፤ በብዙው ዝርያ በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ 8 ስፖሮች ይገኛሉ። የሚለኩት በማይክሮሜትር ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛው ነው። የስፖሩ ርዝመት፣ ውፍረቱ፣ ቀለሙ፣ በውስጡ ያሉት ግድግዳዎች ብዛት፣ እነዚህ ሁሉ ይጻፋሉ። አንድ ስፖር ለክቶ ማቆም አይገባም፤ እንደ ሰው ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ረጅምም አጭርም አለና።

አሁን ወደ ኒላንደር እንመለስ። ይህ ሰው በ1866 ዓ.ም. በላይከን ላይ ጥቂት የኬሚካል ጠብታ ቢያደርጉበት ቀለሙን እንደሚለውጥ፣ ለውጡም ዝርያን ከዝርያ ለመለየት እንደሚረዳ አሳየ። አንደኛው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ይህ ቆዳ ያቃጥላልና ያለ መምህር ፈቃድ አይነካም። ሁለተኛው ልብስ የምናነጣበት የበረኪና ዓይነት ነው። አዮዲንም እንዲሁ በከረጢቶቹ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም በማውጣት ወገንን ያስለያል። ስለ ድርብ ኑሮው የተሳሳተው ኒላንደር የተወልን መሣሪያ ከ150 ዓመት በኋላ ዛሬም ይሠራል። የሰው አሳብ በአንድ ነገር ስሕተት ቢሆን በሌላው ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አለመሆኑን እኔ ከዚህ አይቻለሁ።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ «ዛሬ ዲ.ኤን.ኤ. እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው?» ይላሉ። በእውነቱ ዲ.ኤን.ኤ. ታላቅ ምስክር ነው። በ2012 ዓ.ም. ሊቃውንት ተሰብስበው አይ.ቲ.ኤስ. የተባለውን የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ለፈንገሶች ሁሉ እንደ መታወቂያ ቍጥር እንዲያገለግል መርጠዋል። ነገር ግን ምስክር ያለ መዝገብ አይረባም። የአንድ ልጥፍ ቁራጭ ቢነበብ፣ ቀድሞ ስሙ በትክክል ከታወቀ ናሙና ጋር ካልተነጻጸረ፣ የፊደል ሰልፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም ሌላ በአንድ ጣት ጥፍር በምታክል ቅርፊት ላይ ሦስትና አራት ፈንገሶች ተደራርበው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የየትኛውን እንዳነበብን የሚነግረን ያው የዐይናችን ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ሠራ ለማሳየት አሁን ወደ ሰሜን ስዊድን እወስዳችኋለሁ። ያን አገር የመረጥሁት ደኑ የእኛን ስለሚመስል አይደለም፤ አልጌ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ተመርምሮ ያልታሰበ መልስ ያገኘው እዚያ ስለ ሆነ ነው።

በዚያ ደን ውስጥ አስፐን የሚባል ዛፍ አለ። የቅጠሉ አገዳ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በጥቂት ነፋስ ይንቀጠቀጣል። በሕያው አስፐን ቅርፊት ላይ ፈዛዛ የሆነ ስስ ልጥፍ ላይከን ይበቅላል። ፍሬው ጥቃቅን ጽዋ ነው፤ መጀመሪያ ተቀብሮ ይቆይና በኋላ አፉን ይከፍታል፤ ከንፈሩም ዱቄት የተነሰነሰበት ያህል ነጣ ያለ ነው። ስፖሮቹ እንደ ክር የረዘሙና በብዙ ግድግዳ የተከፋፈሉ ናቸው። ይህን ላይከን በ1969 ዓ.ም. ጊለንስታም የተባለ ስዊድናዊ ገልጦ ኮኖትሬማ ፖፑሎሩም ብሎ ሰየመው። ኮኖትሬማ የተባለውን ወገን ከዚያ በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት ያቋቋመው አሜሪካዊው የላይከን ሊቅ ኤድዋርድ ተከርማን ነበረ።

በዚያው አገር፣ በዚያው በአስፐን ዛፍ፣ ነገር ግን ቅርፊቱ በወለቀ ደረቅ እንጨት ላይ ደግሞ ሌላ ፈንገስ ይኖራል። አልጌ የለውም፤ ልጥፍም የለውም፤ የሚታየው እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ ነጭ ከንፈር ያለው ጥቃቅን ጽዋ ብቻ ነው። ምግቡን የሚያገኘው ከሞተው እንጨት ነው። ይህን የፈንገስ ሊቃውንት ስቲክቲስ በሚባል፣ ከኮኖትሬማ በሚቀድም ወገን ውስጥ አስቀመጡት። እንግዲህ አንዱ በላይከን መጽሐፍ፣ ሌላው በፈንገስ መጽሐፍ ተጻፈ። አንዱ ናሙና በአንድ ቁም ሣጥን፣ ሌላው በሌላ ቁም ሣጥን ተቀመጠ። የሁለቱ ጽዋ መመሳሰል፣ የሁለቱም ስፖር ክር መሰል መሆኑ ሳይታይ የቀረ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ አልጌ አለው፣ ሌላው የለውም፤ ይህ ልዩነት እንደ ትልቅ ወንዝ ተቈጥሮ ስለ ነበረ ማንም ደፍሮ ሊሻገረው አልቻለም።

በ2004 ዓ.ም. ማትስ ቬዲን፣ ሃይዲ ዶሪንግና ጊለንስታም ከሕያው ቅርፊትም ከደረቅ እንጨትም የተሰበሰቡትን ፈንገሶች ዲ.ኤን.ኤ. አነጻጽረው ውጤቱን አሳተሙ። ናሙናዎቹ በአልጌ መኖርና አለመኖር ሁለት ቦታ አልተከፈሉም። በአንድና በዚያው ዝርያ ውስጥ ላይከን ሆኖ የሚኖርም፣ ከደረቅ እንጨት እየበላ ብቻውን የሚኖርም ተገኘ። ስፖሩ ሕያው ቅርፊት ላይ ከወደቀ ከአልጌ ጋር ቤት ይሠራል፤ ቅርፊት የሌለው ደረቅ እንጨት ላይ ከወደቀ ያለ አልጌ ይኖራል። ሁለቱም ኑሮ ለእርሱ ክፍት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ወገኖች እንዲቀላቀሉ ሊቃውንቱ ጻፉ። ቀድሞ የወጣው ስም እንዲጸና ሕጉ ስለሚያዝም ኮኖትሬማ ቀርቶ ስቲክቲስ ተባለ። ዛሬ የአስፐኑ ላይከን ስሙ ስቲክቲስ ፖፑሎሩም ነው።

በእኛ አገር ክርስቲያን የሆነ ሰው በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ በገበያ በዓለም ስሙ ይጠራል። ወልደ ሚካኤልን የሚያውቁት ካህን እና በቀለን የሚያውቀው ነጋዴ ባይገናኙ ሁለት ሰዎች ያሉ ይመስላቸዋል። የሆነውም ይኸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካው የጊለንስታም ስም ነው። በ1969 ዓ.ም. በማይክሮስኮፕ አይቶ ላይከን ብሎ የሰየመው ሰው፣ ከ35 ዓመት በኋላ ይህ ፈንገስ ሁልጊዜ ላይከን አለመሆኑን ከሚያስረዱት ሦስት ጸሐፊዎች አንዱ ሆኖ ይገኛል። የቀድሞው ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ስለ ነበረ አልፈረሰም፤ የዝርያው መግለጫ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው የወገኑ ስም ብቻ ነው። ኒላንደር ያልቻለውን እርሱ ቻለ ብል ዳኝነቴ የድፍረት ይሆን? እኔ ግን እንዲያ ይመስለኛል።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በስዊድንና በፊንላንድ ደን ሠራተኞች አስፐንን ከጥድ ደን ውስጥ ለብዙ ጊዜ እየነቀሉ ያስወግዱት ነበር። ምክንያቱም በአስፐን ቅጠልና በጥድ ቀንበጥ መካከል እየተመላለሰ የጥዱን ቀንበጥ የሚያጣምም ሌላ በሽታ አምጪ ፈንገስ ስላለ ነው። የወደቀ ደረቅ እንጨትም ለገበያ በሚለማ ደን ውስጥ ብዙ አይቆይም። አንድ ሰው ይህን ፍጥረት ላይከን ነው ብቻ ብሎ ቢጠብቀው ሕያዋኑን ዛፎች አስቀርቶ ደረቁን እንጨት ያስጠርጋል፤ ፈንገስ ነው ብቻ ቢል ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በሁለቱም መንገድ የቤቱን ግማሽ ያፈርስበታል።

ስለ ብርቅነትም እንዲሁ ነው። አንድ ልጥፍ ብርቅ ነው ሲባል ሁለት ትርጉም አለው፤ በእውነት ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሚያየው ሰው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብርቅነት ከዘመን ጋር ይለዋወጣል። ሌካኖራ ኮኒዜኦይደስ የሚባለው አረንጓዴ ግራጫ ልጥፍ ላይከን በ1885 ዓ.ም. ስም ያገኘ ነው። የድንጋይ ከሰል ጭስ የአውሮፓን ከተሞች በሸፈነበት ዘመን፣ ሌሎቹ ላይከኖች በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲያልቁ እርሱ ተቋቁሞ በየከተማው ዛፍ ላይ ተስፋፋ። አየሩ እየጠራ በሄደ ጊዜ ግን እርሱ ራሱ እየጠፋ ሄደ፤ ዛሬ ቀድሞ በሞላበት ብዙ ቦታ በፍለጋ የሚገኝ ሆኗል። ከተማ ውስጥ አድጎ ጭስ የለመደ ሰው ገጠር ሲወስዱት እንደሚከፋው ያለ ነው።

ወላጆቻችን በልባችሁ «ልጄ ይህን ተምሮ ምን እንጀራ ይጋግራል?» ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ እናቴም ጠይቃኛለች። መልሴ እንዲህ ነው። በኬሚስትሪ ክፍላችን አሲድ ለመለየት የምንነክረው ሊትመስ ወረቀት ቀለሙ ከጥንት የሚወጣው ከላይከን ነው። ኒላንደር በ1866 ዓ.ም. በፓሪስ ሉክሰምቡርግ የአትክልት ስፍራ ያሉትን ላይከኖች ቈጥሮ፣ የላይከን መኖር የአየር ጥራት ምልክት መሆኑን ጽፏል። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሆክስዎርዝና ሮዝ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ ያሉትን ላይከኖች አይቶ በአየሩ ውስጥ ያለውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚገመትበት መለኪያ አሳተሙ። መሣሪያው ዛፉ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን ላይከኑን በተሳሳተ ስም የጠራ ሰው የአየሩንም ልክ ይስታል፤ ቍጥሩ በተፋቀ ሚዛን ጤፍ እንደ መመዘን ይሆንበታል።

በአገራችንስ? ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ ዕፀዋት የተጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ሥራው በ1980 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2009 ዓ.ም. ተፈጽሟል። በብዙ ጥራዝ የተዘጋጀና የሚያኰራ ሥራ ነው። የያዘው ግን የሚያብቡትን ተክሎች፣ ጥዶችንና የፈርንን ወገን ነው፤ ላይከንንና ፈንገስን አልያዘም። ላይከኖቻችንን የሰበሰቡ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውም በየውጭ አገሩ መጽሔት ተበታትኖ ይገኛል። አንድ ተማሪ ከፍቶ የግቢውን ልጥፍ የሚያገኝበት የአማርኛ መጽሐፍ ግን በእጃችን የለም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቀሩት አሮጌ ዛፎች፣ የጎጃምና የጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ ቅርፊታቸው ለዘመናት ሳይነካ የቆየ ነው። ከእነዚህ ዛፎች አንዱ በወደቀ ጊዜ ግንዱ ወዲያው ለማገዶ ይሄዳል፤ በላዩ የነበረው ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ የለም።

እኛ በሳይንስ ክበባችን የጀመርነው ትንሽ ነው። በግቢያችን ካለው ብሳና ለስላሳ ቅርፊት ላይ በጥቁር ቀለም እንደ ተጫረ ጽሑፍ ያለ ፍሬ ያለበትን ነጣ ያለ ልጥፍ አገኘን። ስንፍቀው ብርቱካንማ ወጣ። በማይክሮስኮፕ ክሮቹ አልጌውን ይዘውት አየን፤ ስለዚህ ላይከን መሆኑን ለማለት ደፍረናል። ፍሬው መስመር መሆኑና አልጌው ትሬንቴፖሊያ መሆኑ የጽሑፍ ላይከን ከሚባሉት ከግራፊስ ዘመዶች ወገን አስጠግቶታል። ከዚያ ወዲያ አልሄድንም። አንዳንድ ልጆች ከመጽሐፍ ላይ ሥዕሉ የሚመስለውን ስም እንድንጽፍበት ፈልገው ነበር፤ ያ መጽሐፍ ግን ስለ አውሮፓ የተጻፈ ነው። የእኛን ብሳና ያላየ መጽሐፍ በእኛ ብሳና ላይ ስላለው ሊመሰክር አይችልምና አልተቀበልናቸውም። በዚያው ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ፣ ቅርፊቱ በወለቀበት፣ አልጌ የሌለው ጥቁር ነጥብ ያለው ሌላ ነገር አለ። ስለ ስዊድን የነገርኋችሁን ካነበብን ወዲህ እርሱንም ለብቻው ሰብስበን በሌላ ፖስታ አስቀምጠነዋል።

ከእናንተ መካከል መሰብሰብ የሚፈልግ ቢኖር፣ አሰባሰቡ እንዲህ ነው። ስስ ሽፋን ብቻ በሴንጢ ይነሣል፤ ቢላው ወደ ሕያው እንጨት ጠልቆ ዛፉን ማቍሰል የለበትም። ጥቂት ብቻ ካለ አንዳችም አይነሣም፤ ፎቶግራፉ ይበቃል። ናሙናው በወረቀት ፖስታ ውስጥ ይደረጋል፤ በፕላስቲክ ከረጢት ከታሰረ ይሻግታል። በፖስታው ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ የዛፉ ስም፣ ቅርፊት ወይም ደረቅ እንጨት መሆኑ፣ የሰብሳቢውም ስም ይጻፋል። የፍጥረቱ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ቢቀር ነውር የለውም። ቦታና ቀን የሌለው ናሙና ግን ምንም ቢያምር ከመንገድ የተለቀመ ጉድፍ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ በ1959 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ ዕፀዋት የሚጠበቁበት ቤት ነው፤ መምህራችን ከፈቀዱልን ሁለቱን ፖስታዎች ይዘን እዚያ ያሉትን ሊቃውንት ልንጠይቅ አስበናል።

ሁለቱም ናሙናዎች በአዳራሹ መውጫ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከማይክሮስኮፑ ጋር ተቀምጠዋል። ብሳናው ራሱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው፤ ልታዩት የምትወዱ ሁሉ ከምሳ በኋላ አብረን እንሄዳለን። ማይክሮስኮፑን የምታስተካክልላችሁ ያችው ሽንኩርት ከታፊዋ ጓደኛችን ናት።